አባትሽ ይብሉ

እህቴ፣ አባትሽ ለፊንጢጣ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ ሰገራ በሆድ በኩል የሚወጣበት ጊዜያዊ ከረጢት ከተነሣላቸው አንድ ወር እንደሆናቸው፣ በቀን ከ15 ጊዜ በላይ ሽንት ቤት እንደሚመላለሱና ይህንኑ ፈርተው ምግብ እንደተዉ ጽፈሻል። ከ4 ዓመት በፊት እኔም እዚያው ነበርኩ። የሽንት ቤቱን በር ከባለቤቴ ፊት ይበልጥ አየው ነበር።

ተቆርጦ የወጣው ክፍል ሰገራ የሚጠራቀምበት ጎተራ ነው። ጎተራው ከተነሣ እህሉ የት ይቀመጥ? በጥቂት በጥቂቱ፣ በላይ በላዩ ይወጣል፤ ጨረስኩ ብለው ቀበቷቸውን ሲያስሩ መልሶ ይጠራቸዋል። ጨረር ከወሰዱ ደግሞ ይብሳል።

እኔም እንደ እርሳቸው ጾሜን ዋልኩ። ባዶ አንጀት ግን ዝም አይልም፤ የሚያቃጥል ውኃ ያወርዳል። የጠቀመኝ ሰገራው ጠጠር እንዲል ማድረግ ነው፦ ሩዝ፣ ድንች፣ ሙዝ፣ ትንሽ ትንሽ እያልኩ በቀን 5 ጊዜ። እንጀራን አልተውኩም፤ በርበሬ የበዛበትን ወጥ፣ ጥሬ ሽንኩርት፣ ጎመንና ወተት ግን ለወራት ተሰናበትኩ። ሽሮ እኔን ይነፋኛል፣ እርሳቸውን ላይነፋቸው ይችላል። አንድ አንድ ምግብ እየጨመሩ ይሞክሩ፣ አንቺ በደብተር መዝግቢ።

ቡና አንጀትን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ከቤት ከመውጣቴ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብዬ አቦሉን እጠጣለሁ፤ የሚወጣው ወጥቶ እሄዳለሁ። ቶናና በረካ ለጎረቤት።

ሐኪሜ ሎፐራማይድ የሚባል የተቅማጥ ማስታገሻ አዘዘልኝ። ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መውሰድ እንደሚሻል ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። መጠኑን ሐኪማቸው ይወስን፤ ሲበዛ ያደርቃል፣ ከልክ ካለፈ ልብንም ይጎዳል።

ቆዳቸው ከተላጠ ወረቀት ይቅርባቸው፤ ለብ ባለ ውኃ ታጥበው፣ ሳይፈትጉ አድርቀው ዚንክ ያለበት ቅባት ወይም ቫዝሊን ይቀቡ። ፈስ እንደሚይዝ ሰው ፊንጢጣን 5 ሰከንድ ጨብጦ መልቀቅንም ይልመዱ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ቅዳሴ ላይ ቆመው ቢሠሩት ማንም አያውቅባቸውም። እኔ ለውጥ ያየሁት በሦስተኛው ወር ነው።

ደም፣ ትኩሳት፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም ሆድ ተነፍቶ ምንም አለመውጣት ካየሽ ግን ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው።

አሁን በቀን 4 ጊዜ ነኝ። እንደ ድሮው አልሆነም፣ ይሆናል ብዬም አልዋሽሽም። ከቤት ሲወጡ ቅያሪ ሱሪ በፌስታል ይያዙ። እኔ እስካሁን እይዛለሁ፤ ካወጣሁት ግን ዓመት አልፎኛል።