ዘይቱ የት ገባ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። አዳማ ላቫጆ አለኝ፣ ጎን ለጎን ዘይት እቀይራለሁ ሞተርም አጥባለሁ። ከግቢዬ የሚወጣው ውሃ ላይ ዘይት እየተንሳፈፈ ጎረቤት አማረረኝ። ኦሞ ስበትንበት ዘይቱ ይጠፋል፣ ውሃው ግን ወተት ይመስላል። ሰጋቱራም ሞክሬያለሁ። ርካሽ መላ ካላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ ኦሞውን ተው። ዘይቱ አልጠፋም፣ ደቀቀ እንጂ። ያ ወተት የመሰለው ራሱ ዘይቱ ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው ጠብታው ላይ ነው፤ 150 ማይክሮን የምታህል ጠብታ (ሁለት ፀጉር ጎን ለጎን በላት) አንድ ሜትር ለመንሳፈፍ 10 ደቂቃ ምናምን ይበቃታል፣ አስር እጥፍ ካነሰች ግን መቶ እጥፍ ትዘገያለች፣ ማለትም ቀኑን ሙሉ ቆመህ ልትጠብቃት ነው። እርጎ ሲናጥ ቅቤው ይሰበሰባል አይደል፣ የሞተር ዘይት ግን ተቃራኒ ነው፣ በናጥከው ቁጥር ይብስበታል፣ ስለዚህ የፓምፑ ግፊትም ጠላትህ ነው።

መላው በርሜል ነው። አንዱ አሸዋና ጭቃውን ይያዝልህ። ከሱ የሚወጣው ውሃ ሁለተኛው ውስጥ ቀስ ብሎ ይግባና መውጫው ላይ ቲ (ባለ ሦስት አፍ የቧንቧ መገጣጠሚያ) ግጠምለት፣ የቲው እግር ወደ ታች ወርዶ ውሃው ውስጥ ይጥለቅ፣ አናቱ ክፍት ይሁን። በቃ፣ ውሃው ከስር ይወጣል ዘይቱ ላይ ይቀራል፣ አንተ በጣሳ ትቀዳዋለህ። ፓምፕህ በደቂቃ 10 ሊትር ቢያወጣ 200 ሊትር በርሜል ውስጥ ውሃው 20 ደቂቃ ይቆያል፣ ለትልልቁ ጠብታ በቂ ነው። ሦስተኛ ብትጨምር አይከፋም። የነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካዎችም ገንዳቸው ትልቅ ነው እንጂ ሐሳቡ ይኸው ነው። የሻምፖውን ውሃ ግን እዚህ እንዳታስገባ፣ ለብቻው ቦይ አውጣለት፣ አለዚያ ያው ኦሞው ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ሰጋቱራ መሬት ላይ ለፈሰሰ ዘይት እሺ፣ ውሃ ውስጥ ግን ውሃውንም ይጠጣል ከዚያ ይሰጥማል። ጥሬ ጥጥ ይሻላል፣ ገበያ ለፈትል የሚሸጠው። የፋርማሲውን እንዳትገዛ፣ እሱ ሰሙ ታጥቦ የወጣለት ስለሆነ ውሃ ነው የሚወደው፤ ጥሬው ግን የተፈጥሮ ሰም አለው፣ ውሃ ይገፋል ዘይት ይስባል፣ ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ። በወንፊት ጨርቅ ቋጥረህ የመጨረሻው በርሜል ላይ አንሳፍፈው፣ ሲጠቁር ጨምቀህ መልሰው። ዘይት የጠጣውን ሰጋቱራ ደግሞ አደራ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ ማገዶ ለማንም እንዳትሰጥ፣ ጭሱ መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ ወፍጮ ቤት አለኝ፣ ክረምት ላይ ናፍታ በርሜሌ ውስጥ ዝናብ ገባ። ልድፋው ወይ?

መልስ፦ ኧረ ምን በወጣው እናቴ! ሳያንቀሳቅሱ ያሳድሩት፣ ውሃው ከባድ ስለሆነ ታች ይተኛል። ጠዋት ከላይ በጎማ ይሳቡ። ከቻሉ ቴፍሎን (ያ የማያጣብቅ መጥበሻ የሚቀባው) የተቀባ የብረት ወንፊት ያለው ማንቆርቆሪያ (ፈነል) ይፈልጉ፣ ናፍታውን አሳልፎ ውሃውን ላዩ ላይ ያስቀራል፤ እንዲህ ዓይነቱን ወንፊት የቻይና ተመራማሪዎች በ2004 (በፈረንጆቹ) ሠርተው አሳይተዋል። በርሜሉ ስር የምትቀረዋን አንድ ጣት ናፍታ ብቻ አይሳሱላት፣ ውሃው ያለው እዚያ ስለሆነ የሞተሩን የናፍታ ፓምፕ የምትገለው እሷ ነች።