«መርፌ ጀመረ» እንዳይሉኝ

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

የ52 ዓመት ሰው ነኝ። ደሴ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ 6 ዓመት ሆነኝ። እስካሁን ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ የሚባሉ ክኒኖች ነበር የምወስደው። ከሁለት ወር በፊት ሐኪሙ ውጤቴን አየና «ክኒኑ አልቻለውም፤ ኢንሱሊን እንጀምር» አለኝ። ማዘዣውን ተቀብዬ ወጣሁ። እስከ ዛሬ የፈተና ወረቀት የማስቀምጥበት ፖስታ ውስጥ አለ። መድኃኒት ቤት አልሄድኩም። ለባለቤቴም አልነገርኳትም።

በእኛ ሰፈር «መርፌ ጀመረ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። አንድ ጎረቤታችን መርፌ በጀመሩ በዓመታቸው እግራቸው ተቆረጠ። ሌላዋ ዓይናቸው ጠፋ። ሰው ይህን የሚያወራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። እኔም ተራዬ የደረሰ መሰለኝ።

ሌላው የቤቴ ጉዳይ ነው። ባለቤቴ እንደምትወደኝ ጥርጥር የለኝም። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ሳህኔን ስትጠብቅ ኖራለች። ልጆቼም ተከትለዋታል። ባለፈው ፋሲካ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ፣ ድፎው ተቆርሶ እጄን ስዘረጋ፣ የ12 ዓመቷ ልጄ «አባዬ፣ ላንተ አይሆንም!» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። አክስቴ «ውይ፣ ምስኪን» አሉ። ያቺ «ምስኪን» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስወጣ አንድ ሻይ ቤት ጎራ እላለሁ። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይና ሁለት ቦምቦሊኖ አዝዤ፣ ጥግ ይዤ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ እበላለሁ። አይጥመኝም እኮ። ግን ማንም አያየኝም።

ደክሞኛል እህቴ። ይሄ በሽታ ቅዳሜ የለው፣ እሁድ የለው። ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት እነሳለሁ። ጠዋት ክፍል ገብቼ ተማሪ ላይ እጮኻለሁ። ሰነፍ ነኝ? ፈሪ ነኝ? ምን ትመክሪኛለሽ?

ከደሴ

ወንድሜ፣

ሰነፍም ፈሪም አይደሉም። ሌሊት የሚያስነሳዎት ከፍ ብሎ የቆየው ስኳር ነው። ደም ውስጥ ሲበዛ ኩላሊት ከውኃ ጋር ያስወጣዋል። ሰውነትም ይዝላል። እንዲህ ሆኖ ያደረ ሰው ጠዋት ትዕግሥት ቢያጣ አይገርምም። የጠባይ ጉድለት አድርገው አይቁጠሩት።

ስለ መርፌው የአባቴን ላጫውትዎ። እሱም አራት ዓመት ሸሽቶታል። አንድ የክረምት ማታ የከሰል ምድጃ ዳር ቁጭ ብሎ እግሩን እያሞቀ ያወራናል። ሽታው ቀድሞ የመጣው ለእናቴ ነው። ካልሲው ተቃጥሎ ተረከዙ ላይ ተጣብቆ ነበር። አባቴ ወሬውን እንኳ አላቋረጠም፤ አልተሰማውማ። ሆስፒታል ገባ፣ ኢንሱሊን ተጀመረለት፣ ቁስሉ ግን አልድን አለ። ሰፈሩ ምን አለ መሰለዎት? «መርፌ በጀመረ በወሩ እግሩን ቆረጡት።»

እግሩን የጎዳው መርፌው አልነበረም። ለዓመታት ከፍ ብሎ የኖረው ስኳር የእግሩን ነርቭ ገድሎት፣ የደም ሥሩንም አጥብቦት ነበር። ኢንሱሊኑ የመጣው ዘግይቶ ነው። የጎረቤትዎም ታሪክ ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል። እኛ አገር ብዙ ሰው መርፌ የሚጀምረው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ከዚያ ጥፋቱ ሁሉ በመርፌው ይሳበባል። እርስዎ ግን አሁን፣ እግርዎም ዓይንዎም ደህና ሳለ ነው የተነገረዎት። አባቴ ይህን ዕድል ቢያገኝ ኖሮ እላለሁ፣ ዛሬም ድረስ።

ክኒኑ ያልቻለው እርስዎ ስላጠፉ ነው ብለውም ራስዎን አይውቀሱ። ኢንሱሊን የሚያመርተው ቆሽት ነው። በእርስዎ ዓይነቱ ስኳር ቆሽት ዓመት በሄደ ቁጥር እየደከመ ይመጣል። ግሊቤንክላሚድ ቆሽትን እየገፋ ነው የሚያሠራው፤ የደከመን ደግሞ ቢገፉት የትም አይደርስም። ያን ጊዜ የጎደለውን ከውጭ መተካት ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ሊሞት ሲል ኢንሱሊን ተወጋ። ከዚያ በፊት ለእንደሱ ያሉ ልጆች የነበረው ሕክምና ምግብ ከልክሎ ጥቂት ጊዜ ማቆየት ነበር። ልጁ 13 ዓመት ተጨማሪ ኖረ። እርስዎ ፖስታ ውስጥ የደበቁት ያንን መድኃኒት ነው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ማዘዣውን አውጥተው ያሳዩአቸው። ሻይ ቤቱንም ይንገሯቸው። መጀመሪያ ይቆጣሉ፣ ምናልባትም ያለቅሳሉ፤ ይታገሷቸው፤ ስድስት ዓመት የፈሩ ሴት ናቸው። ከዚያ «ሳህኔን ለእኔ ተዪልኝ፤ አንቺ እግሬን እይልኝ» ይበሏቸው። ከልቤ ነው የምልዎት። የስኳር ሕመምተኛ እግር በየማታው መታየት አለበት። ውስጥ እግር፣ በጣቶች መሃል፣ ተረከዝ። ቁስል፣ ስንጥቅ፣ ውኃ የቋጠረ ነገር ካለ በማግስቱ ሐኪም ጋ ነው። የራስን ውስጥ እግር ማየት ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ሲያወልቁም ካልሲ ይኑርዎት።

ድፎውም ቢሆን ጨርሶ አልተከለከለም። ትንሽ ቁራጭ፣ ከጎመንና ከሥጋ ጋር፣ ከቤተሰብዎ ጋር ተቀምጠው ቢበሉ፣ በባዶ ሆድ ተደብቀው ከሚበሉት ቦምቦሊኖ በብዙ ይሻላል። እንጀራውን ቀነስ፣ አትክልቱን ጨመር ያድርጉ። ሐኪምዎም ስለ ሻይ ቤቱ ይወቁ። የመርፌው መጠን ሲወሰን በእውነት የሚበሉትም ይታያል።

ልጅዎ «አይሆንም» ያለችው አባቷን እንዳታጣ ፈርታ ነው። የምትጠብቀውን ነገር ያስተምሯት። ኢንሱሊን ከተጀመረ በኋላ አንዳንዴ ስኳር ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። ያልብዎታል፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል፣ ይርብዎታል፣ ነገር ይምታታብዎታል። ያን ጊዜ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣ ታቅርብልዎት። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ካልተሻለዎት ይደገማል። ራስዎን ከሳቱ ግን አፍዎ ውስጥ ምንም እንዳትጨምር፣ ሰው ጠርታ ሐኪም ቤት እንዲወስዱዎት አስረግጠው ይንገሯት። እርስዎም ክፍል ሲገቡ ስኳር ወይም ከረሜላ ከኪስዎ አይጥፋ። የሚጾሙ ከሆነ ሳይበሉ የሚቆዩበትን ሰዓት ለሐኪምዎም ለንስሐ አባትዎም ቀድመው ያማክሩ። መርፌ ወግቶ ምግብ መዝለል አደገኛ ነው።

መድኃኒቱን ቤት ውስጥ የት ላስቀምጠው ብለው ካሰቡ፣ ያልተከፈተው ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ በረዶ ግን እንዳይነካው። የተከፈተው ፀሐይና ምድጃ በማይደርስበት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አንድ ወር ያህል ይቆያል። መብራት ከጠፋ ወይም ማቀዝቀዣ ከሌለ፣ ውኃ የያዘ ትልቅ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ አድርገው፣ ጠርሙሱን እዚያ ሳይረጥብ ማስቀመጥ ይቻላል።

ማዘዣው ሁለት ወር ሆኖታልና መጀመሪያ ሐኪምዎ ጋ ይመለሱ። መጠኑ ሊቀየር ይችላል። ይቆጡኛል ብለው አይፍሩ፤ «ፈርቼ ነው» ካሉ ይበቃል። ነርሷ መርፌውን ስታሳይዎት ባለቤትዎ አብረውዎት ይግቡ። መርፌው አጭርና ቀጭን ነው። የመጀመሪያውን እዚያው፣ እሳቸው እያዩ፣ በራስዎ እጅ ይውጉት። ከዚያ እንዴት እንደሆነ ይጻፉልኝ፤ እጠብቃለሁ።