አብሽሪ ያልኳት ልጅ

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ደሴ መጥታ ቤቴ አደረች። ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ናት። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ስልኳን ደፍታ አስቀመጠችና ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ገንዘብ ይዘው እንዴት ነበር እንቅልፍ የሚወስድዎት?»

ለካ በዚያ ሳምንት ማታ ሂሳብ ስትዘጋ 6,000 ብር ጎድሎባት ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትነቃለች። ጣሪያ እያየች ትቆጥራለች።

«አብሽሪ» አልኳት።

በወሎ አፍ ከዚህ የቀለለ መልስ የለም። ሕፃን ሲወድቅ አብሽር፣ በሬ ሲሞት አብሽር፣ ልጅ ፈተና ሲያቅተው አብሽር። ክርስቲያኑም እስላሙም ይለዋል። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ «ደስ ይበልህ፣ የምሥራች» እንደማለት ነው። ልጅቷ ፈገግ ብላ ስኒዋን አነሳች። መልስ እንዳልሰጠኋት ገብቷታል። እኔም ገብቶኛል። ያን ሌሊት እሷ ሳሎን ተኝታ እኔ መኝታ ቤት ተገላበጥኩ። የእሷ 6,000 ብር አይደለም ያላስተኛኝ። 1981 ዓ.ም. ነው።

ያኔ 31 ዓመቴ ነበር። ደሴ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ደሞዜ 420 ብር። የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በዚያ ቀን ካዝና ይቆጠራል። ሦስት ሰዎች ተሰየሙ፣ ቆጠሩ፣ ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ። 2,870 ብር ጎደለ። ደግመው ቆጠሩ። ያው ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርሜ ወጣሁ። ውጭው ዝናብ ነበር፤ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። ጃንጥላዬን ቢሮ ረስቼ እየበሰበስኩ ቤት ገባሁ። የሰባት ወር ደሞዝ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ገንዘብ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ የመንግሥት ገንዘብ ጎደለ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት ይከብደኛል።

ለባለቤቴ አልነገርኳትም። እሷ ግን እንጀራው ሳይነካ ሲመለስ አይታለች። «ጨጓራዬ ነው» አልኳት።

«ለነገ አትጨነቁ» የሚለውን የማቴዎስን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ጥቅስ በቃል መያዝና በጥቅሱ መተኛት ግን ለየቅል ናቸው። ጸለይኩ፤ አልጸለይኩም አልልም። ጸሎቴ ግን እንዲህ ነበር፦ ገንዘቡ ከተገኘ ለግሸን ማርያም ጃንጥላ አገባለሁ። በሦስተኛው ቀን ጃንጥላው ላይ መጋረጃ ጨመርኩ። ይህ ጸሎት ሳይሆን ጨረታ ነው።

አሁን ስለ ግምጃ ቤቱ ጋሼ ልንገራችሁ። በሃያ ዓመት ይበልጡኛል። የባቲ ሰው ናቸው። ባቲ ሰኞ ሰኞ ትልቅ ገበያ አለ፤ አፋሮች ግመል እየነዱ ይመጣሉ። እሳቸውም ልጅ ሆነው እዚያ ግመል ይጠብቁ ነበር። ሁልጊዜ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ይቆልፋሉ። አንዴ ይጎትቱታል። ሁለተኛ ይጎትቱታል። ከዚያ «ተወከልቱ»፣ በአላህ ተመካሁ፣ ይሉና ወደ ሸዋ በር ቁልቁል ይወርዳሉ። ዞር ብለው አያዩም። እኔ ካዝናውን ቆልፌ ደረጃውን ከወረድኩ በኋላ ተመልሼ የምነካካ ሰው ነኝ፤ አንዳንድ ቀን ሁለቴ። ያዩኛል፣ ይስቁብኛል። «ነቢዩ ግመልህን እሰርና ተወከል ነው ያሉት። አንተ አስረሃል። አሁን ምኑን ነው የምትነካካው? ገመዱን ልትፈታው ነው እኮ» ይሉኛል።

በየቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቢሮዬ ይመጣሉ። ሻይ እናስመጣለን። እሳቸው ስኳር ያበዛሉ። ከስኒው ወደ ሰሃኑ እየገለበጡ ነበር የሚጠጡት፤ እንዲበርድላቸው።

ሐምሌ 4 ቀን ኃላፊው ጠሩኝ። በሩን ዝጋ አሉኝ።

«ቢሮህ ማን ማን ይገባል?»

ብዙ ሰው ይገባ ነበር። ሾፌሮች ይገባሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ ትገባለች። ኃላፊውም ራሳቸው ይገባሉ። እኔ ግን «የግምጃ ቤቱ ጋሼ በየቀኑ ሻይ ሊጠጡ ይመጣሉ» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ለብዙ ዓመት ለራሴ ይህንን ስለው ኖሬያለሁ፤ እውነቱን ነው የተናገርኩት እያልኩ። ግን ያቺ እውነት ከአፌ ስትወጣ ደረቴ ቀለለኝ። የማልረሳው ያንን መቅለል ነው። ትካዜህን በእግዚአብሔር ላይ ጣል ይላል ዳዊት። እኔ በባቲው ሰው ላይ ጣልኩት።

በማግስቱ ለቃል ተብለው ተወሰዱ። ሁለት ሌሊት አደሩ። ግምጃ ቤቱ ታሸገ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት የቢሮዬ መስኮት ላይ ቆሜ አንዲት ልጅ ከዘበኛው ጋር ስታወራ አየሁ። አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ሰሃን በጨርቅ ቋጥራ በደረቷ ይዛለች፤ ዝናቡ እንዳይነካው ጎንበስ ብላበታለች። አባቷ ያሉበትን ቦታ የነገራት የለም። ቁርስ ይዛ መሥሪያ ቤት መጣች። ዘበኛው በእጁ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ግራ እያመለከተ ይነግራታል፤ እሷ አልገባትም። ወርጄ መንገዱን ላሳያት እችል ነበር። አልወረድኩም። መጋረጃውን ለቀቅኩት።

በሦስተኛው ቀን የቢሮዬ ጣሪያ አፍስሶ ጠረጴዛዬ ረጥቦ ጠበቀኝ። መሳቢያውን ከፈትኩ። መሳቢያ ውስጥ ጋዜጣ ማንጠፍ ያኔ ሁላችንም ያለን ልማድ ነበር። ጋዜጣው ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ልጥለው ሳነሳው ከሥሩ አንድ ወረቀት ተጣብቆ አብሮ ተነሳ። የክፍያ ማዘዣ ነው። 2,870 ብር፣ ለሲሚንቶና ለቆርቆሮ ግዢ። የተቀባዩ ፊርማ አለ፤ የእኔም ፊርማ አለ። ስፒሉ ዝጎ ወረቀቱን ቡናማ አድርጎታል። ለምሳ ስቸኩል ከፍዬ፣ «ከሰዓት እመዘግበዋለሁ» ብዬ እዚያ ሸጉጬው ኖሯል። ያንን መሳቢያ ሃያ ጊዜ ከፍቼዋለሁ። ጋዜጣውን አንስቼ አላየሁም።

ጭንቀት ያከሳል ይባላል። ሰው ያስከስሳልም።

ከሰዓት በኋላ ለቀቋቸው። ማታ ስኳርና ቡና ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ሽማግሌ ይዤ መሄድ ነበረብኝ፤ ለሽማግሌዎቹ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ጠፋኝና ብቻዬን ሄድኩ። በር ላይ የተቀበለችኝ ያቺ ልጅ ናት። ጋሼ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ለኃላፊው ያልኩትንም ሳይቀር። ዝም ብለው ሰሙኝና «አብሽር ልጄ፣ ተጨንቀህ ነው» አሉኝ። ቡናው ተፈላ፣ ጠጣን፣ ዱዓ አደረጉ።

ይቅር ብለውኛል። ልጄ ክርስትና ሲነሳ መጥተው ምጣድ በሚያህል ሰሃን ተምር አምጥተዋል። ቢሮዬ ግን ዳግመኛ አልገቡም። የሚፈረም ወረቀት ካለ በመስኮት ይቀበሉኛል። ሞዴል 19 ቢሆን፣ ሞዴል 22 ቢሆን፣ በመስኮት። 10 ሰዓት ሲሆን ሻይ ለብቻዬ ይመጣል። አንድ ቀን እንደምንም ደፍሬ በዚያው መስኮት ጠየቅኳቸው።

«ያን ሁለት ሌሊት እንዴት አደሩ?»

«የመጀመሪያውን ቁንጫ አላስተኛኝም» ብለው ሳቁ። «ሁለተኛውን ኢሻ ሰግጄ ተኛሁ። ቆጠራዬ ልክ ነው። ቁልፌን ቆልፌያለሁ። የቀረው የእኔ ሥራ አይደለም፣ የባለቤቱ ነው።»

እሳቸው ታስረው ተኙ። እኔ ቤቴ፣ ሚስቴ ጎን፣ ቁጭ ብዬ አደርኩ።

እንግዲህ ምክር ከተባለ ይህ ነው፤ ሌላው ዝርዝር ነው። ጸልዩ አልላችሁም፤ ጸልዩ የሚላችሁ ሞልቷል። የእናንተ ዘመን ልጆች ደግሞ ምክር አይጠፋችሁም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልክ ከፍታችሁ አንድ የማታውቁት ሰው ስለ ውስጣዊ ሰላም ሲያወራ ታያላችሁ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ንጋት ላይ ዐይናችሁ ቀልቶ «ስትረስ ላይ ነኝ» ትላላችሁ። በእኛ ጊዜ ስትረስ የሚባል ነገር አልነበረም። ውሸቴን ነው፤ ነበረ። «ጨጓራ» እንለው ነበር። ሕመም ሆኖ ከሥራ ከምግብ የሚያግድ ከሆነ ሐኪም አለ፤ እሱን እምነት ማነስ ነው የሚላችሁን አትስሙ።

በእግዚአብሔር ብትታመኑ ክፉ አይነካችሁም ብዬም አልዋሻችሁም። ወሎ ተወልዶ ይህን የሚል ሰው አፉን መያዝ አለበት። የ1966ቱን ረሃብ በ16 ዓመቴ አይቻለሁ፤ የ1977ቱን ደግሞ ሥራ ላይ ሆኜ። እነዚያ ሰዎች ሳይጸልዩ ቀርተው አይደለም። በጥቅምት 2014 ከደሴ ስንወጣም መንገዱ ሙሉ ሰው ነበር። ፍራሽ የተሸከመ አለ፣ አሮጊት እናቱን ያዘለ አለ። አንዲት የማላውቃት ሴት በሕዝቡ መሃል ስታልፍ «አብሽሩ፣ አብሽሩ» እያለች ነበር። እሷ ራሷ ባዶ እግሯን ናት። ምን ይዛ እንደምትለው አላውቅም። ደህና ነገር እየመጣ ነው ማለቷ አይመስለኝም።

ስለ ስእለቴ ደግሞ ጨረታ ነው ብያችኋለሁ። ነው። ግን በዚያው መስከረም ጃንጥላዬን ይዤ ግሸን ወጣሁ። ለ21 ክብረ በዓል። ተራራው አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው ነው፤ ሕዝቡ እንደ ጉንዳን ተያይዞ ይወጣል። ማታ ድንጋይ ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ጋደም አልኩ። አንድ ሽማግሌ ክርናቸውን ጎኔ ላይ አሳርፈው ያንኮራፋሉ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከሰኔ 30 ወዲህ ሳልነቃ ያደርኩት የመጀመሪያው ሌሊት እሱ ነበር። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ገንዘቡ ከተገኘ ሁለት ወር አልፎታል፤ ስለ ገንዘቡ ቢሆን ኖሮ ሐምሌ ላይ መተኛት ነበረብኝ።

ትናንት የእህቴን ልጅ ደወልኩላት። ሰላምታው እንዳለቀ፣

«ያ ገንዘብ የጎደለ ቀን ማንን ጠረጠርሽ?» አልኳት።

ዝም አለች። ቆይታ «አጠገቤ የምትቀመጠውን ልጅ» አለች።

«ለሰው ተናግረሻል?»

ከኋላዋ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማኛል። አንድ ሰው ዝቅ አደረገው።

«ጋሼ፣ ነገ እኔ ልደውልልዎት?»

እሺ አልኳት። አብሽሪ አላልኳትም። ዛሬ 10 ሰዓት አልፏል፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ሻዩ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ።