የቁጢ ጥያቄሽ ፋብሪካ ውስጥ አይቀርም

የሐረሯ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በባዮሎጂ ተመርቀሽ፣ ድሬዳዋ የሚገኝ የመጠጥ ፋብሪካ ለላብራቶሪ ቴክኒሻንነት ጠርቶሻል፤ እስከ ዓርብ መልስሽን ይጠብቃል። አንቺ ግን አያትሽ ከቡና ቅጠል የሚያፈሉትን ቁጢ የአንጀት ባክቴሪያዎች ምን እንደሚያደርጉት መመራመር ነው የምትፈልጊው። «ፋብሪካ ከገባሁ ሕልሜ እዚያው ይቀራል» ብለሽ የውጭ ትምህርት ዕድል እየጠበቅሽ ነው። አባትሽ ደግሞ የአጎትሽን ሱቅ ያዥ ይላሉ።

ጥያቄሽ ትልቅ ነው። ቡና ውስጥ ካለው ክሎሮጀኒክ አሲድ ከተባለ ውህድ በትንሹ አንጀት በኩል ወደ ደም የሚገባው ሲሶው ያህል ነው፤ የቀረው ትልቁ አንጀት ደርሶ የባክቴሪያዎች ሲሳይ ይሆናል። የቡና ቅጠል ማንጊፈሪን የተባለ ውህድም አለው፤ እሱን ደግሞ ባክቴሪያዎቹ ስኳሩን ነጥለው ኖራቲሪዮል ወደተባለ ሌላ ውህድ ይለውጡታል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ከ22 ሺህ በላይ ሰዎችን አይቶ፣ ላውሶኒባክተር አሳካሮሊቲከስ የተባለ ባክቴሪያ በቡና ጠጪዎች አንጀት በብዛት እንደሚገኝ አሳይቷል። ሰዎቹ በዋናነት የአሜሪካና የእንግሊዝ ነዋሪዎች ናቸው። ቅጠሉን ቆልተው በወተትና በጨው የሚጠጡ የሐረር እናቶችን ጉዳይ ማን ያንሳው? አንቺ አንሺው እንጂ!

መጠበቅሽን ግን አልደግፍም። አብዛኞቹ የአንጀት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ሲያገኛቸው ይሞታሉ። ክዳን አንዴ ከፍተሽ ከዘነጋሽ የሳምንት ልፋት ገደል ይገባል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የሚለመደው በእጅ ነው። እኔ የለመድኩት ጠርሙስ በሚሞላበት ፋብሪካ፣ በስምንት ዓመት ውስጥ ነው። በየማለዳው የመጠጡን አሲድነት የሚለካውን የፒኤች መለኪያ ፒኤቻቸው 7 እና 4 በሆኑ መፍትሔዎች አስተካክላለሁ፤ መጠጡ ውስጥ የሚነከረውን ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱን፣ በተጣራ ውኃ አለቀልቃለሁ፤ ሳላሽ፣ ስስ ወረቀት ብቻ አስነክቼ አደርቀዋለሁ። ቁጥሩ አልረጋ ሲል «ጥፋቱ የመጠጡ ነው ወይስ የመሣሪያው?» ብዬ መጠራጠርን እዚያ ተማርኩ። በኋላ ምርምር ስጀምር ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይኸው ጥርጣሬ ነበር።

አባትሽ ደመወዙ ትንሽ ነው ማለታቸው እውነት ነው። ልጅን አራት ዓመት አስተምሮ ሱቅ ማስጠበቅ ግን የባሰ ኪሳራ ነው፤ ይህን በአክብሮት፣ ሳትፈሪ ንገሪያቸው። ለወንድምሽ ትምህርት በየወሩ የምትሰጪውን ገንዘብ ቁርጡን አሳውቂያቸው። የቀረው የአንቺ ነው፤ ለማንም አይተላለፍም።

2.9 ውጤትሽ በር አይዘጋብሽም። እንግሊዝኛሽም በማንበብ ይሻሻላል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከድሬዳዋ ቅርብ ነው፤ ለሁለተኛ ዲግሪ የምታመለክቺው ሥራ ላይ ሆነሽ ይሁን።

ዓርብን አትጠብቂ፤ ነገውኑ ደውዪላቸው። ስትገቢም አስቀድመሽ ኤሌክትሮዱ መቼ እንደተቀየረ ጠይቂ።