መጠጥ የተወ ሰው ሌላውን እንዴት ይርዳ?

ጥያቄ፦ ለዓመታት አረቄ ስጠጣ ኖሬ፣ ንስሐ ገብቼ ካቆምኩ ሰባት ወር ሆኖኛል። የሰንበት ትምህርት ቤታችን አገልጋዮች በጉባኤ ምስክርነት እንድሰጥ ጠይቀውኛል። የድሮ የመጠጥ ጓደኞቼም ያሳዝኑኛል፤ ልረዳቸው እፈልጋለሁ። ያ ያሳፈረኝ ድካሜ ለእግዚአብሔር ሥራ ይውላል? ከየትስ ልጀምር? (ስማቸው እንዳይገለጽ የጠየቁ አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ይውላል። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል፥ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» የሚል ነበር (2ኛ ቆሮ. 12፥9)። ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን የምታስበው ሙሴ ጸሊምም፣ ከሽፍትነት ወጥቶ በግብፅ በገዳመ አስቄጥስ ሲመነኩስ፣ የቀደመ ፈተናው ወዲያው አልለቀቀውም። ሌሊት እየተነሣ የአረጋውያን መነኮሳትን እንስራ ውኃ ይሞላላቸው ነበር። እርስዎም እንዲህ ካለው ስውር አገልግሎት ይጀምሩ።

መድረኩ ይቆይ። በመጀመሪያው ዓመት ማገርሸት የተለመደ ነው፤ በሕዝብ ፊት የመሰከረ ሰው ሲያገረሽበት ደግሞ ከኀፍረት የተነሣ ይደበቃል፣ ተደብቆም ይጠጣል። ምስክርነቱ የቤተሰብዎም ታሪክ ስለሆነ እነርሱ ሳይፈቅዱ አይነገርም።

መጀመሪያ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ከዚያ ከጓደኞችዎ አንዱን ብቻ ይምረጡ። ወደ እርሱ ሲሄዱ መጠጥ የማይጠጣ ወንድም አብሮዎት ይሁን፤ «አንተ ደግሞ እንዳትፈተን ራስህን ጠብቅ» የሚለው ቃል (ገላ. 6፥1) የተጻፈው ለሚረዳው ሰው ነውና። አረቄ ቤት ገብቶ ማነጋገር ፈጽሞ አይሆንም፤ ጠዋት፣ ቤቱ ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ይገናኙ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። «መጠጥ እኔን እንዲህ አድርጎኝ ነበር» ብለው ይንገሩት እንጂ አይገሥጹት፤ ተግሣጹን ከጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል። ገንዘብ በእጁ አይስጡት፤ የቤት ኪራይ ከጎደለው ለአከራዩ ይክፈሉለት።

አጥብቀን የምናሳስብዎ ግን ይህን ነው፦ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣን ሰው በአንድ ጊዜ እንዲያቆም አይገፋፉት። መጨረሻ ከጠጣ 6 ሰዓት ገደማ ካለፈው ጀምሮ መንቀጥቀጥና ማላብ፣ እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ፣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊመጣበት ይችላል። ሳይታከም ከቀረ ይገድላል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ «መንፈስ ነው» ብለው በባዶ ሆዱ ጠበል ይወስዱታል። ሐኪም ቤት ቢደርስ የሚያረጋጋ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ይሰጠው ነበር። ጠበሉም ጸሎቱም አይቅርበት፤ ሕክምናው ግን ይቅደም። በቀን ምን ያህል እንደሚጠጣና መጨረሻ የጠጣበትን ሰዓት ሳይደብቁ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የመድኃኒቱ መጠን የሚወሰነው በዚህ ነው።

የነገረዎትን ምስጢር «ጸልዩለት» በሚል ሰበብ እንኳ ለማኅበር አያውሩ። አንድ ጊዜ ከወጣ ተመልሶ አያምንዎትም። ሰውየው ቢያገረሽበት ግንኙነቱን አያቋርጡ። እርስዎ ራስዎ ብቻዎን መሄድ ከጀመሩ፣ የራስዎን ጸሎት ካስታጎሉ ወይም «ያለ እኔ ይሞታል» ማለት ካበዙ አገልግሎቱን ለጊዜው ያቁሙ። ከቀመሱም በዚያው ቀን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ መጠጥ ትቷል። የጽዋ ማኅበር ተራችን ደርሷል፤ ጠላ ካልጠመቅን ማኅበርተኞቹ እንዳይቀየሙን እሰጋለሁ። (እኅታችሁ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ለማኅበሩ ሙሴ (ለሰብሳቢው) አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ዕለቱን ሰው ፊት ከማስረዳት ይቀልዎታል። በጠላው ፈንታ ብርዝ ያዘጋጁ። ማሩን በዚያው ዕለት ጠዋት በጥብጡት፤ ካደረ መፍላት ይጀምራልና ለባለቤትዎ አይሆንም። በሌሎች ተራ ደግሞ ከጸሎቱና ከዳቦው በኋላ ቀደም ብላችሁ ተሰናበቱ፤ ጠላ የመቅዳቱን ሥራ ሌላ ሰው ይያዘው።