ራት ላይ አማርኛ ከከለከልኩ ወዲህ ልጄ አታናግረኝም

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገባች። ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነባትና ውጤቷ ወረደ። እንድትለምድ ብዬ ራት ላይ አማርኛ ከለከልኩ፤ ስትሳሳት አርማታለሁ። አሁን ዝም ብላ በልታ ትነሳለች። ለታናሽ ወንድሟ ግን የእንግሊዝኛ ካርቱን እየሳቀች ትተረጉምለታለች። እኔ እንግሊዝኛ ባለመቻሌ ብዙ ሥራ አምልጦኛል። የመማር ፍላጎቷን እንዴት ልመልሰው? (ከደሴ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ካርቱኑ የጻፏትን ደጋግሜ አነበብኳት። ፍላጎት የጠፋባት ልጅ ማንም ሳያዛት፣ ማርክ ሳታገኝበት፣ እየሳቀች አትተረጉምም። ልጅዎ ፍላጎት አላት። እርስዎ ፊት ግን ትፈራለች። ይህን መስማት ለአባት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

ኢሌን ሆርዊትዝ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. የውጭ ቋንቋ የመማር ፍርሃትን የሚለካ 33 ነጥቦች ያሉት መጠይቅ አውጥታ ነበር። ከነጥቦቹ አንዱ «አስተማሪዬ የምሳሳተውን ሁሉ ሊያርመኝ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል ብዬ እፈራለሁ» የሚል ነው። ልጅዎ ቀኑን ሙሉ ይህን ተሸክማ ትውላለች፤ ቤት ስትገባም ማዕዱ ላይ ሌላ ፈታኝ ይጠብቃታል።

ሌላም ነገር አለ። ያመለጡዎት ሥራዎች የእርስዎ ቁጭት ናቸው፤ እሷ ገና ሥራ አላመለጣትም። የቋንቋ ተማሪዎችን ያጠናው ዞልታን ዶርኒዬ፣ ተማሪው ራሱ ሊሆን የሚመኘውንና ሌሎች እንዲሆን የሚጠብቁበትን ለይቶ ያያል። እርስዎ የሰጧት ሁለተኛውን ብቻ ነው። ምን መሆን እንደምትመኝ ጠይቀዋት ያውቃሉ?

ዛሬ ማታ አማርኛውን ወደ ማዕዱ ይመልሱ። «ልጄ፣ ተሳስቻለሁ» ይበሏት፤ ሳያብራሩ፣ «ግን» ሳይሉ። ወዲያው ፊቷን ካልፈታች አይቆጡ፤ ለቀናት ዝም ልትል ትችላለች። ካርቱን ሲያዩ አጠገባቸው ይቀመጡና «ምን አለ?» ብለው ይጠይቋት። የሚያውቀው ሰው እሷ ትሁን።

ትምህርቱንም በአማርኛ ታስረዳዎት። ባዮሎጂ ላይ ቅጠል ምግቡን እንዴት እንደሚሠራ በራሷ ቋንቋ ከነገረችዎት፣ ሐሳቡ ገብቷታል ማለት ነው፤ የሚቀራት የእንግሊዝኛው ቃል ነው። እሱን ደግሞ ከመምህሯ ጋር ትሥራው፤ እርስዎ አያርሟት።

ከጓደኞቿና ከወንድሟም ጋር መጫወት ካቆመች፣ ወይም እንቅልፏና ምግቧ ከተዛባ ግን ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ባለሙያ ይውሰዷት።