የአየር ሁኔታ ወይስ የአየር ንብረት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሱሉልታ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አንድ ተማሪዬ «ከሐይቅ ጭቃ የሚወጣ የአበባ ብናኝ የጥንቱን የአየር ሁኔታ ይነግረናል» ብሎ ጻፈ። «የአየር ንብረት» ብዬ አረምኩት። «ንብረትማ ቤትና መኪና ነው» ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ። ማናችን ነን ልክ? ደግሞስ ብናኝ ነው ወይስ ዱቄት?

መልስ፦ እርስዎ ልክ ነዎት። ልጁም ግን ዝም ብሎ አልቀለደም፤ ንብረት ዛሬ ሰው አፍ ላይ ያለው ትርጉሙ ሀብት ነው። ሥሩ የግእዙ «ነበረ» ነው፤ ተቀመጠ፣ ኖረ። መንበርና ነባርም ከዚያው ይወጣሉ። የአየር ንብረት እንግዲህ ያንድ አገር አየር ነባር ጠባይ ነው። «ዛሬ ሱሉልታ በረዶ ጣለ» ሲሉ ሁኔታ ነው። «ሱሉልታ ብርዳም ነው» ሲሉ ንብረት። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ንብረት ለማለት አብዛኛውን ጊዜ የ30 ዓመት አማካይ ይይዛሉ።

ብናኙ ስለ አንድ ቀን ዝናብ ምንም አያውቅም። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ አየር በማያገኘው ጭቃ ውስጥ ሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል። ጭቃው ግን የሚደረደረው ቀስ ብሎ ነው፤ አጉሊ መነጽር ሥር የምትገባው ትንሽ ቁራጭ የብዙ ዓመታት ድምር ናት። ባሌ ተራሮች ላይ ካለው ከጋርባ ጉራቻ ሐይቅ የወጣው ጭቃ፣ ከ11,000 ዓመት በፊት ገደማ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ በፍጥነት እንደተስፋፋ አሳይቷል። እርጥበቱም ሙቀቱም በመጨመሩ ነው። ኋላ ዝናቡ ሲቀንስ ጥድና ዝግባ በረከቱ። ይህን ሁሉ «ሁኔታ» ማለት ያስቸግራል።

እኔ ብሆን ቀይ እስክሪብቶ የማነሳው «ይነግረናል» ላይ ነበር። ብናኙ የሚነግረን የነበረውን ዕፅዋት ነው፤ አየሩን የምንገምተው እኛ ነን። እንጦጦን ይዩት። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣው በምኒልክ ዘመን ነው። ነገ አንዱ ከሱሉልታ ረግረግ ጭቃ ቢያወጣ፣ ከላይኛው ንብርብር የባሕር ዛፍ ብናኝ ቢያገኝ አይገርምም። ያመጣው ግን የዝናብ ለውጥ ሳይሆን የማገዶ እጥረት ነው። የጥድ ብናኝ ቢያንስም ድርቅ ብቻ አይጠረጠርም፤ መጥረቢያም አለ። «ይጠቁመናል» ቢል ይሻለው ነበር።

«የአበባ ዱቄት» ያስኬዳል። እኔ ግን ብናኝን እመርጣለሁ፤ የጥዱም የሳሩም በነፋስ የሚበን ነውና።